ከካምቦሎጆ የተነሳው ሰው፤ የይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ



ለማስተማር ልምምድ ቂርቆስ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ከተመደብነው ሰልጣኞች መካከል አምስታችን፣ ከካዛንቺስ ቁልቁል በእግራችን እየወረድን፣ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል አድርገን፣ መስቀል አደባባይን ተሻግረን ስታዲየሙ አጠገብ ስንደርስ ትንሽ ቆም ማለት ልማዳችን ሆኖ ነበር። ሽማግሎች ይህን ሜዳ ካምቦሎጆ ይሉታል። አንድ ቀን ታዲያ በክፍል ውስጥ፣ የአፍሪካን ዋንጫ ለአገራችን ያስገኘው አሰልጣኝ ማን ነው ብለን ልጆቹን ጠየቅናቸው። የአውሮፓን ተጫዋቾች ስም እንደ ውዳሴ ማርያም የሚወርዱት ልጆች ዝም አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም ከስማቸው በቀር ብዙ አናውቅም ነበር። ሳያውቁ ከማስተማር ጠይቆ ማወቅ ይሻላልና አንብበንና ጠይቀን ያገኘነውን እነሆ።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። የአባቱ ጥበብ በምላሱ ነበር፤ የልጁ ግን በመጀመሪያ በእግሩ ታየ። ኋላ እንደምናየው ምላሱም አልቀረችም።

በ1928 ዓ.ም. ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ የተባሉ ወጣቶች አራዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን መሠረቱ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ገና አምስት ወር ሳይሞላው ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው መኖሪያውንም መዝናኛውንም በቀለም ለየው፤ ጥቁር ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ከለከለ። ይድነቃቸው የጎረመሱት በዚህ ጊዜ ነው። ኳስ የሚያህል ጨዋታ እንኳ የሰው ልጅ ማዋረጃ ሊሆን እንደሚችል በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ዓይናቸው አይተዋል። ይህን ልብ በሉልን፤ የኋላ ሥራቸው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና።

አገር ነጻ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና የኢትዮጵያውያን የሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ነገር ግን ትናንት አብሮ መጫወት የተከለከለው ኢትዮጵያዊ ዛሬ ከሁሉም ጋር በአንድ ሕግ፣ በአንድ ፊሽካ ተጫወተ። አቶ ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተው በ365 ግጥሚያ 318 ግብ እንዳገቡ ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድን ደግሞ 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። በሁለት ግጥሚያ ሁለት ግብ ለማግባት ትንሽ ነው የቀራቸው ማለት ነው! የሂሳብ ተማሪዎቻችን ያስሉት።

ከእግራቸው ይልቅ ወደ ጭንቅላታቸው ሥራ እንለፍ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም መሥራቾቹ አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። አቶ ይድነቃቸው እዚያው ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊደረግ ተሰናድቷል። በዚህ መሐል የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አናመጣም አሉ። አስቡት እንግዲህ! ድርጅቱ ገና መወለዱ ነው፤ ያሉት ቡድኖች አራት ናቸው፤ አንዱ ከወጣ ውድድሩ ሊያስቅ ነው። ለዛሬ ይለፍ ማለት ቀላል ነበር። እነሱ ግን አላሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ዋንጫው በሦስት ቡድን ተካሄደ። ኢትዮጵያ ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈቱ ሽንፈት ነው፣ አንሸፋፍነውም። ሆኖም ያን ዓመት ከዋንጫው የሚበልጥ ነገር ተገኝቷል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ካምቦሎጆ እንመለስ። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሆነ። አሰልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ናቸው። ቡድናችን ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታ። ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ጥር 13፣ ከሁለት ዋንጫ ባለቤቷ ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። ሕዝቡ እስከ 74ኛው ደቂቃ ተጨንቆ ቆየና ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። እልልታው ገና ሳይበርድ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ያው ባዳዊ ደገመ። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ወገቡ ይሰበራል። የእኛዎቹ አልተሰበሩም፤ በ84ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ራሱ ኢታሎ፣ በ117ኛው ደቂቃ ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ሉቺያኖና ኢታሎ ወንድማማች ናቸው፤ አባታቸው ኢጣልያዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት። በወረራው ዘመን በቀለም ተለያይቶ የነበረው ሜዳ በዚያ እሑድ ሁሉንም በአንድ ማልያ አሰልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ሜዳ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. አገደ፤ በ1955 እገዳውን አነሳ፤ አፍሪካውያን በጩኸት አላስቀምጥ ሲሉት በ1957 መልሶ አገደ፤ በ1968 ጨርሶ አባረረ። በሌላ በኩል ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ እንኳ ተነፈጋት። የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው አንሳተፍም ከሚሉት ግንባር ቀደም ሆኑ፤ አህጉሪቱም ቀረች። በ1962 ዓ.ም. አንድ ቦታ፣ በ1974 ደግሞ ሁለት ቦታ ተሰጣት። በዚያ ዓመት አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ካሜሩንም ሳትሸነፍ ስትመለስ፣ ቦታው በምጽዋት የተገኘ አለመሆኑ ታየ። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ መርተዋል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ።

የሰውን ታሪክ ስንጽፍ ውዳሴ ብቻ ከሆነ ትምህርት አይሆንም። አቶ ይድነቃቸው ገንዘብ ኳሱን እንዳይገዛው አጥብቀው ይሰጉ ነበር። አፍሪካውያን ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን፣ ማልያ ላይ የንግድ ማስታወቂያ መለጠፉን ይቃወሙ ነበር። አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ ከውጭ የሚያመጣቸው ተጫዋቾች ከሁለት እንዳይበልጡ የሚል ደንብ እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ ሠርቷል። ይህ ድሃውን ልጅ እንጀራውን ያሳጣዋል የሚል ክርክር በመካከላችንም ተነስቶ ነበር፤ ሦስታችን ከአቶ ይድነቃቸው ጎን፣ ሁለታችን በተቃራኒው ቆመን አልተስማማንም። ዘመኑ የሄደው እሳቸው በፈሩት በኩል ነው። ስጋታቸው ግን ከንቱ ነበር ለማለት ዛሬ ባዶ የሚቀሩትን የአገር ቤት ሜዳዎች ማየት ይበቃል።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በካንሰር ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በእንቁጣጣሽ መጥተው በቡሄ ሄዱ። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት የደቡብ አፍሪካ ቡድን በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ዋንጫ እዚያው አገር ሲደረግ አላዩም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምንድነው? አንድ ነገር እንናዘዝ። በልምምዳችን ጊዜ የክፍል ቡድን ስንመርጥ ጫማ ያላቸውን ብቻ አሰለፍን። አንድ ባዶ እግሩን የሚመጣ፣ ጎበዝ መሆኑን የምናውቀው ልጅ፣ የጓደኞቹን ልብስ ታቅፎ ዳር ቆመ። እግሩ እንዳይረገጥ አስበን ነው ብለን ራሳችንን አታለልን። የካርቱሙን ታሪክ ያነበብነው በዚያው ሳምንት ነው። እርስ በርሳችን መተያየት አቃተን። በተከታዩ ሳምንት ሁሉንም ጫማ አስወልቀን፣ እኛም አውልቀን፣ በጨርቅ ኳስ አጫወትናቸው። ቡድናችን 3 ለ 1 ተሸነፈ። አንዷን ግብ ያገባው ያ ልጅ ነው፤ ደወል እስኪደወል ድረስም ከሜዳው አልወጣም።