እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የማድ ቤት ሥርዓት

በአገራችን የእቴጌ ጣይቱ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው የዐድዋን ጦርነትና የአዲስ አበባን መቈርቈር ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን እኒህ ታላቅ ሴት ከጦር ሜዳና ከሸንጎ ሌላ አንድ ሰፊ የሥራ ክፍል ነበራቸው፤ ይኸውም የቤተ መንግሥቱ ማድ ቤት ነው። በሺህ የሚቈጠር ሰው የሚበላበትን ቤት በሥርዓት ማቆም ቀላል ነገር አይምሰለን። በዚህ በቱሉ ዲምቱ በየኮንዶሚኒየሙ ወላጆቻችን ማድ ቤታቸውን ለማደስ ግድግዳ ሲለኩና ሲመካከሩ ስለምናይ፣ የእቴጌይቱን ሕይወት በዚህ በኩል መመልከት ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን አሰብን።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ወገን ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር። የታወቁት ራስ ወሌ ብጡልም ወንድማቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ፊደል ማስቈጠር እምብዛም ያልተለመደ ሲሆን፣ እርሳቸው ግን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ግእዝም ያውቁ ነበር፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በዓል የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በሥርዓተ ቊርባን አገቡ። ምኒልክም ንጉሠ ነገሥት በሆኑ ጊዜ፣ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለውም የማዕርግ ስማቸው ነበር።

በዚያን ጊዜ የንጉሡ ከተማ እንጦጦ ላይ ነበረ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ነው። ጠላትን ለመጠበቅ እጅግ የተመቸ ቢሆንም፣ ለማድ ቤት ግን አስቸጋሪ ቦታ ነበር። ብርዱ ብርቱ ነው፤ ውኃ ከሩቅ ይቀዳል፤ ማገዶም ደኑ እየተቈረጠ በሄደ ቍጥር ይርቃል። አንድ ማድ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ እነርሱም ውኃ፣ እሳትና እህል ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የራቀ እንደ ሆነ፣ የጎደለውን የሚሞላው የሠራተኛው ጀርባ ነው። ማሰሮ አዝለው ዳገት የሚወጡትም ሴቶች ነበሩ።

እቴጌይቱ በፍል ውኃ ለመታጠብ ወደ ፊንፊኔ ሜዳ በወረዱ ጊዜ ቦታውን ወደዱት፤ ቤትም እንዲሠራላቸው ንጉሡን ጠየቁ። በ1879 ዓ.ም. ቦታው አዲስ አበባ ተባለ። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ፍል ውኃውና ስለ አየሩ ማማር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሜዳው ለውኃም ለገበያም የቀረበ መሆኑ፣ ብዙ ሰው ለሚያበላ ቤት የሰጠውን ጥቅም መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቈይ፣ በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተመረቀ። ስለ ምረቃው የተደረገው ግብር 5 ቀን የቈየ ሲሆን፣ በሺህ የሚቈጠር ከብት ታርዶበታል። ያን ሁሉ እንጀራ፣ ወጥና ጠጅ ያዘጋጁትና የመሩት እመቤት ጣይቱ ናቸው። ነገር ግን ያ የጥጋብ ጊዜ አልቈየም። ወዲያው የከብት በሽታ ገባና በሬው አለቀ፤ እርሻው ጾም አደረ፤ ሕዝባችን እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እያለ የሚጠራው ረኃብም እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን ጐዳው። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ። የቤተ መንግሥቱም ማድ ቤት ለተራበው ሰው ምግብ ማካፈል ሥራው ሆነ። ስለዚህ እቴጌይቱ ማድ ቤትን በጥጋብም በረኃብም ያስተዳደሩ ሰው ናቸው።

አሁን ወደ ማድ ቤቱ አሠራር እንግባ። በቤተ መንግሥቱ ሁሉም ነገር በአንድ ጣራ ሥር አይሠራም ነበር። እንጀራ ቤት ለብቻው፣ ወጥ ቤት ለብቻው፣ ጠጅ ቤትና ጠላ ቤትም ለየብቻቸው ነበሩ። እያንዳንዱም ክፍል የራሱ ኃላፊና የራሱ ሠራተኞች ነበሩት። ምክንያቱን ብንመረምር ሥርዓቱ ከሥራው ጠባይ የመጣ መሆኑን እናገኛለን። ምጣድ ብዙ ጢስና አመድ ስላለው ከወጥ ድስት መራቅ ይገባዋል። ጠጅ ደግሞ እሳትን አይወድም፤ ቀዝቀዝ ያለ ቤት ይፈልጋል። ወጥ ቤቱ በበኩሉ ጥብቅ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን የነገሥታት ትልቁ ፍርሃት መርዝ ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ በተሠራው በታላቁ የግብር አዳራሽ ሰው የሚቀመጠው እንደየማዕርጉ ነበር። መኳንንቱ በልተው ሲነሡ ሠራዊቱ በየተራው ይገባል። አጋፋሪው በር ይጠብቃል፤ አሳላፊውም ያቀርባል። ከየቤቱ የሚወጣው ምግብ በሰዓቱ ካልደረሰ ተራው ሁሉ ይበላሻል። እንግዲህ የማድ ቤቱ አቀማመጥ የመንግሥቱ ክብር የሚታይበት ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባንም። ያ ሁሉ እንጀራ የሚገኘው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ሌሊትና ቀን በሚፈጩ ሴቶች ጕልበት ነበር። ከፈጪዎቹ፣ ከውኃ ቀጂዎቹና ከእንጨት ለቃሚዎቹም መካከል በፈቃዳቸው ያልመጡ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩባቸው። የታሪክ መጻሕፍት የእነርሱን ስም አልያዙልንም። የግብሩን ታላቅነት ስናደንቅ እነርሱንም ማሰብ ግዴታችን ነው።

ድካሙን የሚያቃልል ነገርም ቀስ በቀስ መጣ። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው የስዊስ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ከተራራው ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገባ። በዚያው ዘመን የባሕር ዛፍ ችግኝ ወደ አገራችን ገባ። ከዚያ በኋላም ማገዶ እጅግ ከማለቁ የተነሣ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራም ተጀምሮ ነበር። አንድ ዋና ከተማ በምድጃ እንጨት ምክንያት ሊለቀቅ መድረሱን ልብ እንበል። ከተማውን በቦታው ያጸናው አንዱ ነገር ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው።

በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻ እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር አሰልፈው ዘምተዋል። የዘመቻ ስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህም መንገድ ለመንገድ የሚሄድ ማድ ቤት ነው። በመቀሌ የኢጣልያ ጦር በምሽጉ ውስጥ ሆኖ ባስቸገረ ጊዜ፣ ምሽጉ የሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ የእቴጌይቱ ምክር ነበር። ጠላት ውኃ አጥቶ በጥር ወር ምሽጉን ለቀቀ። ማድ ቤት ያለ ውኃ እንደማይቆም የሚያውቅ ሰው፣ ጦርም ያለ ውኃ እንደማይቆም ያውቃል። በየካቲት 23 ቀን ጦርነቱ ሲሆን ደግሞ እቴጌይቱ በሴቶች እጅ ለተዋጊውና ለቈሰለው ውኃ ያደርሱ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራው እቴጌ ሆቴል በአዲስ አበባ ተከፈተ። እንግዳን በነጻ ማብላት ልማዱ ለሆነ ሕዝብ፣ ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንግዳ ነገር ነበር። መጀመሪያ የሚገባ ሰው ስለ ጠፋ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተው ሒሳብ በመክፈል እንዳስለመዱ ይነገራል። በዚህም የማድ ቤት ሙያ ደመወዝና ዋጋ ያለው ሥራ ወደ መሆን አንድ እርምጃ ሄደ።

ምኒልክ በጽኑ በታመሙ ጊዜ እቴጌይቱ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ያዙ። መኳንንቱ ግን ይህን አልወደዱም፤ በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ተለይተው ባላቸውን እንዲያስታምሙ ብቻ ወሰኑባቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ። እዚያም በጸሎት ቈይተው በየካቲት ወር 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። አስከሬናቸው መጀመሪያ በእንጦጦ ማርያም ተቀብሮ፣ በኋላ ወደ በዓታ ለማርያም ተዛውሯል።

እቴጌይቱ ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1926፣ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል የኦስትሪያ አርክቴክት በፍራንክፈርት ከተማ ለሠራተኞች ቤት 1.9 በ3.4 ሜትር የሆነ ጠባብ ማድ ቤት ነደፈች፤ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶችም ተሠራ። እርሷ የአንዲትን የቤት እመቤት እርምጃ ለካች፤ እቴጌይቱ ደግሞ የብዙ መቶ ሰዎችን ሥራ አደራጁ። መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ ሰው ዕቃን እየፈለገ እንዳይደክም፣ ዕቃው በሥራው ተራ መቀመጥ አለበት።

በቱሉ ዲምቱም ይኸው ነገር ይሠራል። በኮንዶሚኒየም ግቢ እንጀራ ለመጋገርና ለዕርድ የሚያገለግል የጋራ ቤት የሚሠራው፣ የጥንቱ እንጀራ ቤት ከወጥ ቤት የተለየበት ምክንያት ዛሬም ስላልቀረ ነው። ስለዚህ ማድ ቤቱን የሚያድስ ሰው ግድግዳ ከማፍረሱ በፊት በሜትር ለክቶ በወረቀት ይንደፍ። የውኃው መግቢያና መውረጃ ያሉበትን መጀመሪያ ያመልክት፤ እርሱን ማዛወር ከሁሉ ይከብዳልና። ከዚያ እህልና አትክልት የሚቀመጥበትን፣ የሚታጠብበትን፣ የሚከተፍበትንና የሚበስልበትን በተራ ያሰልፍ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የራሱ መሥመርና የጢስ መውጫ መስኮት ይኑረው። ዓምድና ተሸካሚ ብረት ያለበትን ኮንክሪት ግን ማንም አይንካ፤ ከላይና ከታች የሚኖረው ጎረቤት ሕይወት በእርሱ ላይ ነውና።

በመጨረሻም፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፣ መኳንንቱ እቴጌይቱን ከሸንጎ ሲያርቁ የቤት ሥራ ከመንግሥት ሥራ ያነሰ መስሏቸው ነበር። ሕይወታቸው ግን የሚያስተምረን ቤትን ማሰናዳት የሚችል አእምሮ ከተማንም ጦርንም ማሰናዳት እንደሚችል ነው። እንግዲህ ማድ ቤት የእናቶቻችን ብቻ ሸክም ሆኖ እንዳይቀር፣ ሲታቀድ አብረን እንንደፍ፤ ሲሠራም አብረን እንሥራ።