የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ

እኛ ተማሪዎች ትምህርት ሲያበቃ ኳስ ይዘን ወደ ሜዳ ስንሮጥ፣ ይህ ጨዋታ ባገራችን ሥር እንዲሰድ የደከሙትን ሰዎች ስም እምብዛም አናስታውስም። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ለመጻፍ አሰብን። እሳቸው መጀመሪያ ጎል አግቢ፣ ቀጥሎ አሠልጣኝ፣ በመጨረሻም የመላው አፍሪካ እግር ኳስ መሪ ነበሩ። ዘመኑን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዘፈን የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። አባት በድምፃቸው ሲታወቁ፣ ልጅ ግን ስማቸውን ያስጠሩት በእግራቸው ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በአዲስ አበባ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቈይ የኢጣሊያ ጦር ከተማዋን ያዘ። ፋሺስቶች ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ከልክለው ላገሩ ተወላጅ የተለየ ውድድር አቋቋሙ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስንም ስም ሽረው በኢጣሊያ ስም እንዲጠራ አደረጉ። ወጣቱ ይድነቃቸው ኳስ የተጫወቱት እንግዲህ ሰው በቆዳው ቀለም በሚለይበት ሜዳ ላይ ነበር። አንባቢ ይህን ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ኋላ ለሠሩት ሥራ መነሻው ይኸው ይመስለናልና።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአርመኖች፣ ከግሪኮች፣ ከኢጣሊያኖችና ከእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ጋር ባንድ ሜዳ ተሰለፈ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ድል ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። አቶ ይድነቃቸው ለዚህ ለአንድ ቡድን ብቻ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ሲጫወቱ፣ በ365 ግጥሚያዎች 318 ጎሎች እንዳገቡ ተመዝግቧል። ይህም በሰባት ጨዋታ ስድስት ጎል ያህል መሆኑ ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

በ1949 ዓ.ም. የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረት በካርቱም ተሰበሰቡ። አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልክም በማለቷ ከውድድሩ ተሰረዘች። ኢትዮጵያ ልትጋጠም የነበረው ከሷ ጋር ስለ ነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮም እንደ ገና በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ሦስተኛው ውድድር በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን ቡድናችንን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፍን በኋላ ጥር 13 ቀን፣ ዛሬ አዲስ አበባ ስታዲዮም በሚባለው ሜዳ፣ ከዚያችው ከግብጽ ጋር ተገናኘን። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛም ልጆች ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። ሁለተኛውን ጎል ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ያገባው፣ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨመረው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አክለው 4 ለ 2 ድል አደረግን። ዋንጫውንም ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

አቶ ይድነቃቸው ግን በዚህ አላረፉም። አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ የሆነ ቦታ ስለ ተነፈጋት፣ ያፍሪካ አገሮች በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከተደረገው ውድድር እንዲቀሩ ከታገሉት አንዱ እሳቸው ናቸው። በዚህም ምክንያት ለ1962ቱ ውድድር አንድ ቦታ ተሰጠ። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የዘር ልዩነት እስኪቀር ድረስ ደቡብ አፍሪካ ወደ ስፖርት ማኅበር እንዳትመለስ ባለመታከት ተከራከሩ፤ በ1968 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፈጽሞ አስወጣት።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የደከሙለትንም ነገር ፍጻሜ አላዩም። በ1984 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ አብረው የተሰለፉበት ቡድኗ በጆሃንስበርግ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፎ ያፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከ39 ዓመት በፊት በካርቱም የተጠየቀችውና እንቢ ያለችው እንዲህ ያለውን ቡድን ነበር።

የአቶ ይድነቃቸው 318 ጎሎች በመዝገብ ይገኛሉ። እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥብን ያ በመዝገብ የማይቈጠረው ነው፤ ይኸውም በልጅነታቸው በራሳቸው ላይ የደረሰው መለያየት በሌላው ላይ እንዳይደርስ ዕድሜያቸውን ሙሉ መቆማቸው ነው። እኛም በትምህርት ቤታችን ሜዳ ቡድን ስንከፋፈል፣ ማንንም በዘሩ ወይም በአገሩ ከጨዋታ ባናስቀር ውለታቸውን የመለስን ይመስለናል።