የአርቱር ራምቦ ዕረፍት

ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ የቀድሞውን የምድር ባቡር ሐዲድ ተከትለው ሲሄዱ የሚያገኟት ኤረር ስሟ ከፍል ውኃዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ጕልበቱን ቁርጥማት የያዘውም፣ ሥራ ያዛለውም ሰው ሰውነቱን ለማሳረፍ ወደዚያ ይወርዳል። ከዚያው በረሃ በስተምሥራቅ፣ ከሐረር ተነሥቶ በጀልዴሳና በቢዮ ካቦባ በኩል ወደ ዘይላ በሚወርደው የቅፍለት መንገድ፣ በኤፕሪል 1891 እ.ኤ.አ. አንድ ጕልበቱ ያበጠ ፈረንሳዊ ነጋዴ በሰው ሸክም አልፏል። ይህ ሰው አርቱር ራምቦ ነበር። መንገዱ በፍል ውኃው በኩል አልነበረም፤ ቢሆንም ኖሮ ሕመሙ ፍል ውኃ የሚፈውሰው ዓይነት አልነበረም።

ራምቦ የተወለደው በኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ በጦር ሠራዊት ውስጥ ሻምበል ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤቱን ጥሎ ሄደና አልተመለሰም። እናቱ ሃይማኖቷን አጥባቂ፣ ለገንዘብ ጠንቃቃ፣ በልጆቿ ላይ ብርቱ ነበረች። ልጁ በትምህርት ቤት የላቲን ግጥም እየጻፈ ይሸለም ነበር። ይሁን እንጂ ቅኔውን ያፈለቀለት ከትምህርት ቤቱ ይልቅ መንገዱ ነው ለማለት ይቻላል። በ1870፣ ገና 15 ዓመቱ ሳለ፣ ከቤት ጠፍቶ በባቡር ፓሪስ ገባ፤ የመሳፈሪያውን ዋጋ ስላልከፈለም ታሰረ። ከእስር ወጥቶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በዚያው ዓመት መጸው እንደ ገና ወጥቶ ወደ ቤልጅክ በእግሩ ተጓዘ። ከእነዚያ ቀናት የተገኙት ግጥሞች ዛሬም የፈረንሳይ ተማሪዎች በቃላቸው የሚያጠኗቸው ናቸው።

በፓሪስ ከባለቅኔው ከፖል ቬርሌን ጋር ስለ ነበረው ወዳጅነት ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ መዘርዘሩ አያስፈልግም። በጁላይ 1873 ቬርሌን ብራስልስ ላይ በሽጕጥ ተኵሶ የራምቦን የእጅ አንጓ አቈሰለና ታሰረ። ቍስለኛው ሮሽ ወደ ተባለችው መንደር፣ ወደ እናቱ እርሻ ተመልሶ ቤተ ሰቡ በአጨዳ ሲደክም እርሱ ከሰው ተለይቶ ተቀመጠ። በዚያ ብቸኝነት «አንድ ወቅት በሲኦል» የተባለውን መጽሐፉን ፈጸመ። መጽሐፉ በ500 ቅጂ ቢታተምም ደራሲው የማተሚያውን ዕዳ ስላልከፈለ አብዛኛው ቅጂ በአታሚው መጋዘን ቀረ፤ የተገኘውም በ1901 ነው። ከሰው መለየት የደራሲን ኃይል ያድሳል የሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያገኝም።

ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ሰውዬው ቅኔን ተወ። እስከ ጃቫ ሄዶ ከሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ከዳ፤ በቆጵሮስ የድንጋይ ካባ አሠሪ ሆነ፤ በኦገስት 1880 ዓደን ደረሰና የቡና ነጋዴው አልፍሬድ ባርዴ ቀጠረው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ከዘይላ ተነሥቶ 20 ቀን ያህል በፈረስ የሶማሌን በረሃ አቋርጦ ያን ጊዜ በግብፅ አገዛዝ ሥር ወደ ነበረችው ሐረር ገባ። ዕድሜው 26 ነበር።

(ዛሬ በሐረር የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጐበኘው ያማረ ሕንፃ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ባለቅኔው ከሞተ በኋላ ያሠራው ነው።)

በሐረር የኖረው ኑሮ ዕረፍት አልነበረም። ለቤተ ሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ መሰልቸት፣ ቁም ነገር የሚያወራው ሰው ስለ ማጣቱና ስለ ገንዘብ የሚያትቱ ናቸው። ከፈረንሳይ እንዲላኩለት ያዘዛቸው መጻሕፍት ስለ አናጢነት፣ ስለ ማዕድንና ስለ ውኃ ሥራ የሚያስተምሩ እንጂ የሥነ ጽሑፍ አልነበሩም። የፎቶግራፍ መሣሪያም በብዙ ገንዘብ አስመጥቶ በ1883 በሐረር ፎቶግራፍ አነሣ፤ የራሱንም ምስል አንሥቶ ለእናቱ ላከ። በዚሁ ዓመት ግሪካዊው ባልደረባው ሶቲሮ ወደ ኦጋዴን ዘልቆ ሲመለስ፣ ራምቦ ያገኘውን ወሬ አጠናቅሮ በዲሴምበር 10 ቀን መግለጫ ጻፈ። ስለ ሜዳው፣ ስለ ዋቢ ወንዝ፣ ስለ ሕዝቡ አኗኗርና ስለ ሰጎን አደን የሚያወሳው ይህ ጽሑፍ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ማኅበሩ የሕይወት ታሪኩንና ፎቶግራፉን እንዲልክ ቢጠይቀውም መልስ እንደ ሰጠ አይታወቅም። ጽሑፉ አንድ የተጋነነ ቃል የለበትም። ቅኔ ፈላጊ አንባቢ ቅር ይለው ይሆናል እንጂ፣ ያየውንና የሰማውን በትክክል መዝግቦ ማስቀረት ለደራሲ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ከዚያ የመሣሪያ ንግድ መጣ። በኦክቶበር 1886 ሁለት ሺሕ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ተነሣ። ሸሪኩ ላባቱ አስቀድሞ ሞቶ ስለ ነበር፣ ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ የሟቹ ዕዳ ጠያቂዎች ከበቡት፤ የመሣሪያውም ዋጋ ካሰበው በታች ሆነ። በእንጦጦ በኩል፣ ንጉሡ በጃንዋሪ 1887 ወደ ያዟት ወደ ሐረር፣ ከዚያም ወደ ዓደን ተመለሰ።

በዕድሜው አስቦበት ዕረፍት የወሰደው አንዴ ቢሆን ያን ጊዜ ነው። በኦገስት 1887 የቀይ ባሕርን ሙቀት ሸሽቶ ካይሮ ገባ። ለቤተ ሰቡ እንደ ገለጸው ጠጕሩ ሸብቶ ነበር፤ ወገቡን፣ የግራ ጭኑንና የግራ ጕልበቱን፣ የቀኝ ትከሻውንም ቁርጥማት ይዞታል። ያጠራቀመውን ገንዘብ በወርቅ ለውጦ በመቀነቱ ታጥቆታል፤ ክብደቱ ስምንት ኪሎ ያህል ነበር። እንዲህ ያለ ሸክም ታጥቆ የሚያርፍ ሰው ምን ያህል እንደሚያርፍ መገመት ነው። ሆኖም ብዙ ዓመት ያልሆነው ነገር የሆነው በነዚያ ሳምንታት ነው፤ «ቦስፎር ኤጂፕሲየን» ለተባለው የካይሮ ጋዜጣ ረዥም ጽሑፍ ሰጠ፤ በዚያው ወር ታተመ። ከታጁራ እስከ ሸዋ ያለውን የበረሃ መንገድ፣ የምኒልክን ወደ ሐረር መግባት፣ ከእንጦጦ እስከ ሐረር ያለውን ጉዞ ይተርካል። አረፍተ ነገሩ ፈጣን ነው፤ ፌዙ ደረቅ ነው፤ የ19 ዓመቱ ጸሐፊ ፈጽሞ እንዳልሞተ ያሳያል። ካይሮ ሰነባብቶ ቢሆን ምን ይጽፍ እንደ ነበር ማንም አያውቅም። የኑሮው ውድነት ከብዶት ወደ ዓደን ተመለሰና በ1888 ሐረር ላይ የራሱን የንግድ ቤት ከፈተ።

በሐረር ከገዢው ከደጃዝማች፣ ኋላም ከራስ መኰንን ጋር ተስማምቶ ይሠራ ነበር። በፈረንሳይ ደግሞ፣ እርሱ በታጁራ ግመል ሲጠብቅ በ1886 የታተሙት የስድ ንባብ ግጥሞቹ ስሙን አስጠርተውታል። በ1890 የአንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አዘጋጅ እንዲተባበራቸው ጻፈለት። ደብዳቤውን አልቀደደም፤ መልስም አልሰጠም፤ ከወረቀቶቹ መካከል አስቀመጠው።

በፌብሩዋሪ 1891 የቀኝ ጕልበቱ ማበጥ ጀመረ። እስኪብስበት ድረስ ከሥራው አልተለየም፤ አልጋውን በመስኮቱ አጠገብ አስነጥፎ ሚዛኑን ተኝቶ ይቈጣጠር ነበር። በኤፕሪል 7 ቀን ራሱ ባሠራው ቃሬዛ፣ በ16 ተሸካሚዎች ከሐረር ወጣ። በጀልዴሳ በኩል ቍልቍል ወርዶ ወደ በረሃው ገባ። በመንገድ ዝናብ ያዘው፤ ድንኳኑን የጫኑት ግመሎች ወደ ኋላ ስለ ቀሩ ያለ መጠለያና ያለ ምግብ ሰዓታት ቈየ። የየዕለቱን መነሻና ማረፊያ በአጫጭር መሥመር መዝግቧል። 12 ቀን ገደማ ተጕዞ ዘይላ ደረሰ።

በሜይ 27 ቀን በማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቈረጠ። በበጋው ወራት ለዕረፍት ሮሽ ወዳለችው እርሻ ሄደ፤ ነገር ግን ሕመሙ ስለ ጸናበት በኦገስት ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰ። እኅቱ ኢዛቤል አስታመመችው። በኖቬምበር 9 ቀን ለመርከብ ኩባንያ ሹም የሚላክ ደብዳቤ እርሷ እንድትጽፍለት እየነገረ፣ በስንት ሰዓት ወደ መርከቡ ሊጫን እንደሚችል ጠየቀ፤ የሚሻው ወደ ስዌዝ ለመሄድ ነበር። በማግሥቱ በ37 ዓመቱ ሞተ። በሐረር አብሮት ለኖረው አገልጋዩ ለጃሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥ ተናዞ ነበር።