ከውኃ በታች የተነፈሰው መኮንን

አልዌሮ ግድብ ወርደን (የአዞውን ነገር ለጊዜው እንተወውና) ልጆች ሲጠልቁ ብናይ፣ የጎበዙም ልጅ ትንፋሽ ቶሎ ያልቅና ጭንቅላቱ ብቅ ይላል። ዓሣው ግን እዚያው ሥራውን ይቀጥላል። ይህን አጥር ለሰው ልጅ ከጣሱት አንዱ ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነው። ዛሬ ለዕረፍት ወደ ሞቃት ደሴቶች የሚሄድ ቱሪስት ጥቂት ቀን ተምሮ፣ አየር በጀርባው አዝሎ ባሕር የሚገባው በእርሱና በጓደኞቹ ድካም ስለሆነ ሕይወቱን ባጭሩ ልናወሳ ወደድን።

ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1910 በሰንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ። በ1930 ብሬስት ካለው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ምኞቱ ግን አውሮፕላን ማብረር ነበር። ምን ያደርጋል፣ በ1936 የመኪና አደጋ ደርሶበት ክንዶቹ ተሰባበሩና የአብራሪነቱ ነገር በዚያው ቀረ። ክንዱን ለማጠንከር ቱሎን አጠገብ ሲዋኝ ባልደረባው ፊሊፕ ታዬ የውኃ መነጽር ሰጠው። በመነጽሩ ያየው ነገር ልቡን ወሰደው።

በዚያን ጊዜ ጠላቂ ማለት ከባድ የብረት ቆብ ደፍቶ፣ በቱቦ ከመርከብ ጋር ታስሮ የሚሄድ ሰው ነበር። አየር ተሸክሞ መጥለቅም ቢሞከር አየሩ ያለማቋረጥ እየፈሰሰ ይባክናል። ኩስቶ የፈለገው ሲስቡ ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በጦርነቱ መካከል፣ በ1942፣ ኤሚል ጋኛን ከሚባል መሐንዲስ ጋር ተገናኘ። ጋኛን ቤንዚን በመጥፋቱ መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚያደርግ ቫልቭ ሠርቶ ነበርና ያንኑ ለሰው ሳንባ አስተካከሉት።

በጥር 1943 ማርን ወንዝ ላይ ሞከሩት። ኩስቶ አግድም ሲዋኝ ደህና ነበር፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ በከንቱ ፈሰሰ፣ ተዘቅዝቆ ሲገባም መሳብ አቃተው። ምክንያቱ ምን ይሆን? የሚወጣው ትንፋሽ መውጫና የሚገባው አየር መቆጣጠሪያ በተለያየ ጥልቀት ላይ ስለሆኑ የውኃው ግፊት እኩል አልሆነም ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያደርጓቸው ችግሩ ተወገደ።

እዚህ ላይ እኛ ዕጩ መምህራን የቦይልን ሕግ እናስታውስ። ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ገደማ ይጨምራል። የአልዌሮ ልጅ አየሩን የሚስበው ከላይ ነው፤ ሲጠልቅ አየሩ ይጨመቃል፣ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። በኩስቶ መሣሪያ ግን ሳንባ የሚሞላው እታች ነው። በ10 ሜትር ላይ ሳንባውን ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው አየሩ እጥፍ ሊሆን ስለሚሻ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህም ለጀማሪ መጀመሪያ የሚነገረው ትንፋሽን አለመያዝ ነው። ዋናተኛ ከልጅነቱ የለመደው ደግሞ በተቃራኒው ነው!

ዕውቀቱ በነፃ አልተገኘም። በ1947 ጓደኛቸው ሞሪስ ፋርግ እስከ 120 ሜትር ወርዶ ሞተ። በጥልቀት የናይትሮጅን ስካር ሰውን እንደሚያዞር ያውቁ ነበር፤ ልኩን ግን ያሳያቸው የእርሱ ሞት ነው።

ከ1950 ጀምሮ ካሊፕሶ በተባለች መርከብ ቀይ ባሕርንና ሌሎችንም ባሕሮች ዞረ። የ1956ቱ ፊልሙ በካን ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በዚሁ ፊልም ዓሣ ለመቁጠር ሲሉ ኮራሉን በድማሚት ሲያፈነዱ ይታያል፤ ይህ እኛን ቅር አሰኝቶናል። ሆኖም ሰውየው እዚያው አልቀረም፤ በ1960 የኑክሊየር ዝቃጭ ሜዲትራኒያን ውስጥ እንዳይጣል በአደባባይ ተከራከረ፤ ከዚያም ለባሕር ጠበቃ ሆነ።

በ1963 ለጎረቤታችን ለሱዳን ቅርብ በሆነው በሻዕብ ሩሚ፣ 10 ሜትር ያህል ከውኃ በታች ቤት ሠርቶ ሰዎች አንድ ወር ኖሩበት። በ1979 ልጁ ፊሊፕ በአውሮፕላን አደጋ ሞተበት። ኩስቶ ራሱ በ1997፣ በ87 ዓመቱ ፓሪስ ላይ አርፎ በተወለደበት ከተማ ተቀበረ። የዚያ ቤት ቅሪት ቀይ ባሕር ውስጥ ቀርቷል።