ክንድን ከማኖቬላ ያሳረፈው ቻርልስ ኬተሪንግ

ጧት በብርድ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ዕቃውን ጭኖ፣ ረዳቱን አሳፍሮ፣ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ሊነሣ ሲገባው ከመኪናው ሆድ ቀጭ የምትል አንዲት ድምፅ ብቻ ትሰማለች። ደግሞ ያዞራል፤ ደግሞ ቀጭ ትላለች። መብራቱ ይበራል፤ ጥሩምባውም ይጮኻል፤ ሞተሩ ግን አይነቃነቅም። ይህ ያልደረሰበት ሹፌር ይኖራል ብለን አናምንም። በዚያን ጊዜ በዙሪያው የሚሰበሰበው ሰው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ ባትሪው ሞቷል ይላል፤ ሁለተኛው ሞተሪኖው ተቃጥሏል ይላል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይመረምር ግፉት ይላል።

ዛሬ ለአንባቢያችን የምናቀርበው ለዚህች ድምፅ መነሻ የሆነውን ሰው ታሪክ ነው። የእርሱ አሳብ ምን እንደ ነበረ የተረዳ ሰው፣ ቀጭ ብሎ እንቢ ያለ መኪና ሲያጋጥመው ከየት መጀመር እንዳለበት አይጠፋውም። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ቻርልስ ኬተሪንግ ኦገስት 29 ቀን 1876 በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ላውደንቪል ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ ጥቂት ሲያነብ ራሱን ያመው ነበር። እንዲህም ሆኖ ለጥቂት ጊዜ የገጠር ተማሪ ቤት አስተማሪ ሆነ፤ ቀጥሎም ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዓይኑ ግን ስላስቸገረው ትምህርቱን አቋርጦ የስልክ እንጨት ከሚተክሉና ሽቦ ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ተቀላቀለ። እኛ እንደሚመስለን ይህ መቋረጥ ከጎዳው ይልቅ የጠቀመው ይበልጣል፤ ኤሌክትሪክን በእጁ ዳስሶ ያወቀው በዚያ ሥራ ላይ ነውና። በኋላም ተመልሶ በ1904 በኤሌክትሪክ ምህንድስና ሲመረቅ ዕድሜው ሃያ ስምንት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

እንደ ተመረቀ በዴይተን ከተማ ናሽናል ካሽ ሬጂስተር በተባለው ኩባንያ ተቀጠረ። ይህ ኩባንያ ነጋዴዎች ሒሳብ የሚመዘግቡበትን መሳቢያ ያለውን መኪና ይሠራል። መኪናው በእጅ እየተዞረ ይሠራ ስለ ነበረ፣ ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ እንዲያደርገው ታዘዘ። ችግሩ ይህ ነበር፦ ያን ሁሉ ማርሽ ሊያዞር የሚችል ሞተር በተለመደው ስሌት ከተሠራ ለሱቅ ጠረጴዛ የማይመች ትልቅ ይሆናል። ኬተሪንግ ግን ሌሎቹ ያልጠየቁትን ጠየቀ። ሞተሩ የሚሠራው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ሻጩ አንድ ዕቃ ሸጦ መሳቢያውን እስኪከፍት ድረስ፣ ማለትም ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያርፋል። እንግዲያውስ ትንሽ ሞተር ለጥቂት ሰኮንድ ከአቅሙ በላይ ቢሠራ ሳይግል ሥራውን ይጨርሳል ማለት ነው። በ1906 በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ተፈጸመ።

ከዚያው ኩባንያ ኤድዋርድ ዲድስ ከሚባል ሰው ጋር ተወዳጅቶ፣ በዲድስ ቤት ጓሮ በሚገኝ ጎተራ ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ ለአውቶሞቢል የሚሆን የእሳት ማስነሻ መሥራት ጀመሩ። የካዲላክ ኩባንያ አለቃ ሄንሪ ሌላንድ ሥራቸውን ወድዶ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር አዘዛቸው። ስለዚህ በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ።

በዚያን ዘመን ሞተር የሚነሣው በማኖቬላ ነበር። ሰውዬው ከመኪናው ፊት ቆሞ፣ ጠማማውን ብረት ሰክቶ፣ በጉልበቱ ያዞራል። እሳቱ ጊዜውን ሳይጠብቅ ከተነሣ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመልስና ብረቱ የአዙዋሪውን እጅ ይሰብራል፤ አንዳንድ ጊዜም መንጋጋ ይመታል። የመኪና ፋብሪካ ባለቤት የነበረ ባይረን ካርተር የተባለ ሰው ሌላ ሰው ለመርዳት ሲያዞር ማኖቬላ መትቶት በዚሁ ጠንቅ እንደ ሞተ፣ ሌላንድም በዚህ አዝኖ ማኖቬላን ለማስቀረት እንደ ቈረጠ በሰፊው ይነገራል። ታሪኩን የሚያወሩት ሰዎች በዝርዝሩ ባይስማሙም፣ ካርተር በ1908 መሞቱ የታወቀ ነው።

ሌላንድ ጥያቄውን ለኬተሪንግ ሲያቀርብ የዘመኑ ብዙ መሐንዲሶች ነገሩን የማይሆን ነው ይሉ ነበር። በስሌታቸው መሠረት ያን ከባድ ሞተር የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ከራሱ ከመኪናው ሞተር የማያንስ ይሆናል፤ ባትሪውም መኪናውን ይሞላዋል። ስሌታቸው ስሕተት አልነበረበትም፤ ያሰሉት ግን ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሞተር ነበር። ኬተሪንግ የመሳቢያውን ብልሃት እዚህ አመጣው። ጥቂት ሰኮንድ በብርቱ ጉልበት፣ ከዚያ ዕረፍት። ከዚህም በላይ ያው ሞተር የመኪናው ሞተር ከተነሣ በኋላ ተገልብጦ ዲናሞ እንዲሆንና ባትሪውን መልሶ እንዲሞላ አደረገው። ለማስነሣት በ24 ቮልት ሠርቶ፣ ለመሙላት በ6 ቮልት ይመለሳል። በ1911 መጀመሪያ የተሠራው መኪና ለካዲላክ ቀርቦ ተፈተነ፤ በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይም ከኤሌክትሪክ መብራት ጋር ለሽያጭ ወጣ። የፈጠራ መብቱ የተሰጠው ግን በ1915 ነው።

የእኛ አገር ሹፌሮችና መካኒኮች ከኢጣልያንኛ ወስደው ሞተሪኖ የሚሉት ይኸው ነው። በመጀመሪያው መኪና ላይ ሹፌሩ በእግሩ ፔዳል ረግጦ ማርሹን ያገናኝ ነበር። ቀጭ የምትለው ሶለኖይድ በኋላ የመጣች ናት። ቁልፉ ሲዞር ትንሽ ኤሌክትሪክ ይደርሳትና በውስጧ ያለውን ብረት ትስባለች፤ ድምፅዋም የዚህ ነው። ብረቱ ትንሿን ማርሽ ወደ ቮላኖው ገፍቶ፣ የትልቁን ኤሌክትሪክ በር ይከፍታል። እንግዲህ ቀጭ ማለትዋ ትንሹ ኤሌክትሪክ መድረሱን ይነግረናል፤ ትልቁ ስለ መድረሱ ግን ምንም አይናገርም። መብራትና ጥሩምባ የሚሠሩት በጥቂቱ ነው። ሞተሪኖ ግን በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር አምፔር ይፈልጋል። በመብራቱ ተማምኖ ባትሪው ደኅና ነው የሚል ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ስለዚህ መላው እንዲህ ነው። ትልቁን መብራት አብርቶ ቁልፉን ማዞር፤ ረዳቱ ፊት ለፊት ቆሞ ይመልከት። ቀጭ ሲል መብራቱ ከደከመ ወይም ከጠፋ ጥፋቱ ባትሪው ነው፤ አለዚያም ሽቦው ከባትሪው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ነው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ በፍጥነት የሚደጋግም ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሶለኖይዷ በሩን ስትከፍት የባትሪው ኃይል ይወድቃል፣ ስትለቅ ይመለሳል፣ መልሳ ትስባለች። ባትሪ ከመግዛት በፊት ነጭና አረንጓዴ ዝገቱን ማጽዳት፣ የላላውን ማጥበቅ፣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረውንም ሽቦ መመርመር ይገባል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ በዕረፍት ላይ 12.6 ያህል ቢያሳይም፣ በሚያስነሣበት ጊዜ ከ9.6 ገደማ በታች ከወረደ ደክሟል ማለት ነው። ብዙዎቹ ከባድ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎላቸው በ24 ቮልት ስለሚሠሩ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብቻውን አያስነሣም፤ ሁለቱንም ለየብቻ መለካት ነው።

መብራቱ ሳይደክም አንዲት ጠንካራ ቀጭ ብቻ ከተሰማ ግን ትልቁ ኤሌክትሪክ ከባትሪው አልወጣም። የሶለኖይዷ መገናኛ ተቃጥሏል፣ ወይም የሞተሪኖው ካርቦኖች አልቀዋል። አሮጌ መካኒኮች ሞተሪኖውን በመዶሻ ቀስ አድርገው የሚመቱት የተያዘውን ካርቦን ለማላቀቅ ነው፤ ለአንድ ቀን ያደርሳል እንጂ መድኃኒት አይደለም። መብራቱ ክፉኛ ደክሞ ባትሪውም ሽቦውም ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ የመኪናው ሞተር ራሱ ተይዞ እንዳይሆን በቁልፍ መፍቻ በእጅ አዙሮ ማየት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ማርሹ ነጻ፣ የእጅ ፍሬኑም የተሳበ መሆን አለበት፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ስለሚፈነዳም በአጠገቡ እሳት አይቀርብም።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። ዴልኮ በ1916 ተሸጦ ጥቂት ቈይቶ ወደ ጄኔራል ሞተርስ ገባ፤ ኬተሪንግም ከ1920 እስከ 1947 የዚያን ትልቅ ኩባንያ የምርምር ክፍል መራ። ሁሉ አልተሳካለትም። በውሃ ፈንታ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ለሼቭሮሌ ሠርቶ በ1923 ወደ ገበያ ቢወጣ፣ ኩባንያው መኪናዎቹን ከየገዢው መልሶ ሰበሰበ።

ከዚህ የከፋው ግን የተሳካለት ነው። የቤንዚን ሞተር ጭነት ሲበዛበት እንዳያንኳኳ መድኃኒት ሲፈለግ፣ በእርሱ ሥር የሚሠራው ቶማስ ሚጅሊ በ1921 እርሳስ ያለበትን ቅመም አገኘ። አልኮል ይህንኑ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ያውቁ ነበር፤ ሆኖም እርሳሱ በጥቂቱ ይበቃል፣ የፈጠራ መብቱም ገንዘብ ያስገኛል። በ1924 ቅመሙን የሚሸጠው ኢታይል ኩባንያ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኬተሪንግ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኒው ጀርሲ በሚገኝ ፋብሪካ አምስት ሠራተኞች በዚህ መርዝ አብደው ሞቱ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ለጥቂት ጊዜ የታገደው ሽያጭ በ1926 ተመለሰ፤ ጢሱም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዓለም ከተሞች የሕፃናትን አእምሮ ሲጎዳ ኖረ። በመኪና ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መሸጥ በመላው ዓለም ያቆመው በ2021 አልጄሪያ መጨረሻዋ ሆና ስታቆም ነው። ሞተሪኖው ለስንት ሰኮንድ ይሠራል ብሎ የጠየቀው ሰው፣ እርሳሱ በአየርና በደም ውስጥ ለስንት ዓመት ይቈያል ብሎ አለመጠየቁ ያሳዝነናል። እናመስግነው ወይስ እንውቀሰው ለሚለን ሰው፣ ሁለቱም ይገባዋል ከማለት በቀር መልስ የለንም።

በ1930ዎቹ ዓመታት በናፍጣ የሚሠራውን ሞተር አቅልሎ ለባቡር እንዲሆን ለማድረግ ብዙ ደከመ፤ ከዚያው ሥራ የተገኙት ሞተሮች በኋላ በጭነት መኪናዎች ላይም ገብተዋል። በ1945 ከአልፍሬድ ስሎን ጋር በስማቸው የተጠራ የነቀርሳ ምርምር ተቋም በኒው ዮርክ አቋቋሙ። ባለቤቱ ኦሊቭ በዓመቱ፣ በ1946፣ ሞተች። ከዴይተን አጠገብ ያለች ከተማ በስሙ ተሰየመች፤ እርሱም በ1958 ኖቬምበር ወር፣ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ዐረፈ።