ቪቶሪዮ ሴላና ተራራዎቹ

አማተር የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ ክብሩን በመንገድ ላይ ጥሎ የመጣ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሙያውን በወጉ ስላልተማረ፣ በትርፍ ጊዜው ስለሚሞካክር ሰው ነው። በላቲን ሥሩ ግን ቃሉ ወዳድ፣ አፍቃሪ ማለት ነው። በዚህ በጥንቱ ትርጉሙ አማተር ሊባሉ ከሚገባቸው ሰዎች መካከል ኢጣልያዊው ቪቶሪዮ ሴላ አንዱ ነው። በሱፍ ሥራ የታወቀ የከተማ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ በዘመኑ የተራራን መልክ ከእርሱ አብልጦ በፎቶግራፍ ያስቀረ ሰው አልተገኘም።

ሴላ በ1859 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንት ግዛት፣ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በቢዬላ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ለብዙ ትውልድ ሱፍ በማሠራት የሚተዳደር ነበር። አባቱ ጁሴፔ ቬናንሲዮ ሴላ ግን ከሱፉ ሌላ የኬሚስትሪና የፎቶግራፍ ፍቅር ስለ ነበረው፣ በ1856 ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ በኢጣልያ ቋንቋ አንድ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። በቋንቋው ከተጻፉት የዚህ ዓይነት ዋና መጻሕፍት የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል። አጎቱ ኩዊንቲኖ ሴላ ደግሞ የአዲሲቱ ኢጣልያ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረና በ1863 የኢጣልያን የአልፕስ ክበብ የመሠረተ ሰው ነው። እንግዲህ አንደኛው የብርሃንን ምሥጢር፣ ሁለተኛው የተራራን ፍቅር ለልጁ አወረሱት ማለት ይቻላል። አባቱ በ1876 ሲሞት ቪቶሪዮ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር።

በ1880 ወጣቱ ሴላ ከቢዬላ በላይ ወደሚገኘው ሞንቴ ማርስ ጫፍ ወጥቶ ዙሪያውን ያለውን የተራራ ሰንሰለት በፎቶግራፍ ለማንሣት ተነሣ። ይህ ሥራ ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ ለመረዳት የዚያን ጊዜውን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ብርሃን የሚቀበለው ፊልም ሳይሆን መስተዋት ነበር። መስተዋቱ በዚያው በተራራው ላይ፣ በጨለማ ድንኳን ውስጥ ኮሎዲዮን የሚባለው መድኃኒት ይፈስበታል፤ በብር ጨው ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም እርጥበቱ ሳይደርቅ ወደ ካሜራው ገብቶ ሥዕሉ ይነሣል፤ ወዲያውም ተመልሶ በድንኳኑ ውስጥ ይታጠባል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መፈጸም አለበት። ነፋስ አቧራ ካመጣ፣ ብርድ መድኃኒቱን ካወፈረው፣ ወይም እጅ ከተንቀጠቀጠ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ድንኳኑ፣ ጠርሙሱ፣ ውሃው፣ መስተዋቱ በሙሉ በሰው ጀርባ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት።

ብዙ ሳይቆይ አስቀድሞ የተዘጋጀ ደረቅ መስተዋት በገበያ ላይ ስለ ዋለ ሴላ ከጨለማው ድንኳን ተገላገለ። ከክብደቱ ግን አልተገላገለም፤ እንዲያውም በፈቃዱ ጨመረበት። ዳልማየር በሚባለው የለንደን ቤት የተሠራ ትልቅ ካሜራ ገዝቶ በ30 በ40 ሳንቲሜትር መስተዋት ማንሣት ጀመረ። እያንዳንዱ መስተዋት አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን ያደረገው ለጉራ አይደለም። በዚያ ዘመን ጥሩው ሥዕል የሚታተመው መስተዋቱን በወረቀቱ ላይ በቀጥታ በማስተኛት ስለ ነበረ፣ ትልቅ ሥዕል የፈለገ ሰው ትልቅ መስተዋት መሸከም ግዴታው ነው። የሩቁ ገደል ስንጥቅና የበረዶው ሽንትር ሁሉ እንዲታይ የፈለገ ሰው ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ስለዚህ ሴላ መስተዋቱ በመንገድ ላይ እንዳይሰበር የሚያደርግ የጀርባ ከረጢትና ኮርቻ ራሱ እያሰበ አሠራ። የሱፍ ሠሪ ቤተሰብ ልጅ ለዕቃ አስተሳሰር ብልሃት አያንሰውም።

ሴላ ካሜራ ተሸክሞ ከታች የሚቆም ሰው ብቻ አልነበረም። መጋቢት 17 ቀን 1882 ከካሬል ቤተሰብ መሪዎች ጋር ሆኖ ከፍታው 4,478 ሜትር የሆነውን የማተርሆርን ተራራ በክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ከመሪዎቹ አንዱ ዣን አንቷን ካሬል በ1865 ተራራውን በኢጣልያ በኩል በመጀመሪያ የወጣው ሰው ነበር። ሴላ በ1884 የሞንቴ ሮዛን ከፍተኛ ጫፍ፣ በ1885 ሊስካምን እንደዚሁ በክረምት ወጣ፤ በ1888 ደግሞ ሞን ብላንን በክረምት ከአንዱ ወገን ወጥቶ በሌላው ወረደ። በተራራ ወጪዎች ታሪክ ስሙ በእነዚህ ብቻ እንኳ ይታወስ ነበር።

በ1888 ዶንኪን የሚባል እንግሊዛዊ የተራራ ፎቶግራፍ አንሺ ከጓደኛው ከፎክስና ከሁለት ስዊዛውያን መሪዎች ጋር በካውካሰስ ተራሮች ላይ ጠፍቶ ቀረ። በሚቀጥለው በጋ ፈላጊዎች ሄደው የመጨረሻውን ሰፈራቸውን አገኙ፤ ሰዎቹን ግን አላገኙም። ሴላ ወደ ካውካሰስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደው በዚያው በ1889 በጋ ነው። በ1890ና በ1896ም ተመለሰ። ከበረዶው ጫፎች ሌላ የስቫኔቲን መንደሮች ከረዣዥም የድንጋይ ግንቦቻቸው ጋር፣ ሰዎቹንም ከነልብሳቸው አነሣ። የለንደን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1890 የሸለመው ለዚህ የካውካሰስ ሥራው ነው። ያም ሆኖ የሰዎቹ ሥዕሎች በተራራዎቹ ዝና ተሸፍነው ቆይተዋል፤ ይህም ያሳዝናል።

ከ1897 በኋላ የሴላ ሕይወት ከአብሩዚው መስፍን ከሉዊጂ አሜዴዎ ሳቮያ ጋር ተሳሰረ። መስፍኑ ኋላ በ1928ና በ1929 የእኛን የዋቢ ሸበሌን ወንዝ ከምንጩ ጀምሮ የተከተለው ተጓዥ ነው። በዚያኛው ጉዞ ሴላ አልነበረበትም። በ1897 ግን አብረው ወደ አላስካ ተሻግረው፣ በሰፊ የበረዶ ግግር ላይ ስንቃቸውን በሸርተቴ እየጎተቱ፣ ሐምሌ 31 ቀን ከፍታው 5,489 ሜትር የሆነውን የቅዱስ ኤልያስን ተራራ ጫፍ በመጀመሪያ ረገጡ። ጫፉ ላይ ከደረሱት አሥር ሰዎች መካከል ኤርሚንዮ ቦታ ይገኝበታል። ይህ ሰው የሴላን ካሜራና መስተዋት ለብዙ ዓመታት የተሸከመና ያደራጀ የቢዬላ አካባቢ ሰው ነው። በሴላ ሥራ ውስጥ የእርሱ ድርሻ ከሚነገረው በላይ ነው።

በ1899 ሴላ ከእንግሊዛዊው ፍሬሽፊልድ ጋር የካንቼንጁንጋን ተራራ ዙሪያ ዞረ። በመስከረም ወር ያለ ልክ የወረደው ዝናም በዳርጂሊንግ መሬት ሲንድ፣ በላይ በኩል መተላለፊያውን ሁሉ በበረዶ ሸፈነው። ለሌላው መንገደኛ መከራ የሆነው ይህ አዲስ በረዶ ለሴላ ካሜራ ጸጋ ሆነ። የሲኒዮልቹን ቀጭን ነጭ ጫፍ ያሳየበት ሥዕል ከዚያ ጉዞ የተገኘ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥቱን የፈተነው የ1906ቱ የሩዌንዞሪ ጉዞ ሳይሆን አይቀርም። ይህ የተራራ ሰንሰለት በዩጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ቆሞ ውሃውን ለነጭ ዓባይ የሚገብር ሲሆን፣ ብዙ ሊቃውንት በጥንት ጽሑፍ የተነሡት የጨረቃ ተራሮች እርሱ ነው ይላሉ። ዝናሙና ጉሙ ፋታ አይሰጥም። ሰው ቀኑን ሙሉ ካሜራውን ሸፍኖ ተቀምጦ፣ ደመናው ለደቂቃዎች ሲገለጥ ብቻ መሥራት አለበት። ከእነዚያ አጫጭር ደቂቃዎች የተገኙት ሥዕሎች ዛሬ ሌላ ዋጋ አግኝተዋል። በእነርሱ ላይ ከሚታየው የበረዶ ግግር አሁን የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ከሰንሰለቱ ጫፎች አንዱ ሴላ ይባላል።

በ1909 የአምሳ ዓመቱ ሰው በመስፍኑ መሪነት ወደ ካራኮረም ሄደ። መስፍኑ 8,611 ሜትር የሆነውን ኬ ሁለትን በደቡብ ምሥራቅ ሸንተረሩ ሞክሮ አልሆነለትም፤ በቾጎሊሳ ላይ ግን እስከ 7,500 ሜትር አካባቢ ወጣ፤ ይህም ለዚያ ዘመን ወደር ያልነበረው ከፍታ ነው። ሴላ በበኩሉ ከባልቶሮ የበረዶ ግግር ዙሪያ በርካታ መስተዋቶችን ጎን ለጎን አጋጥሞ ሰፋፊ ትዕይንቶችን አዘጋጀ። ስንቅና ዕቃው የተጓጓዘው በብዙ መቶ የባልቲ ሰዎች ጀርባ ነው፤ የአብዛኞቻቸው ስም ለትውልድ አልተላለፈም። ከዚያ በኋላ ወደ ኬ ሁለት ያመሩ ሁሉ መንገዳቸውን ያጠኑት በሴላ ሥዕሎች ላይ ነው። ኢጣልያውያን ጫፉን በመጀመሪያ የረገጡት በ1954 በዚያው መስፍኑ በሞከረው ሸንተረር ሲሆን፣ ቀኑም እንደ ቅዱስ ኤልያስ ሁሉ ሐምሌ 31 ሆነ።

የሴላን ሥዕሎች አጥብቀው ካደነቁት መካከል አሜሪካዊው የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ ይገኛል። አድናቆቱ አያስገርምም። ሴላ ተራራውን ለማስፈራራት ወይም ለማስዋብ አይደክምም። የሰው ቅርጽ በሥዕሉ ውስጥ ቢታይ እንኳ ብዙውን ጊዜ ልኩን ለማሳየት ነው፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ በነጩ ሜዳ ላይ ቆማ ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ትናገራለች። ከ2009 ጀምሮ ሌላው ኢጣልያዊ ፎቶግራፍ አንሺ ፋብያኖ ቬንቱራ ሴላና የዘመኑ ሰዎች በቆሙበት ቦታ እየቆመ እነዚያኑ የበረዶ ግግሮች እንደገና አንሥቷል። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲታዩ በካውካሰስ በረዶው እጅግ መሸሹ ይታያል፤ በካራኮረም ግን ብዙው እንደ ነበረ ነው። ይህን ማመዛዘን የተቻለው የመጀመሪያው መስተዋት ትልቅና ጥርት ያለ በመሆኑ ነው።

ሴላ ከ1909 በኋላ እንደ ቀድሞው ያለ ታላቅ የተራራ ጉዞ አላደረገም። በቢዬላ ተቀምጦ ሥዕሎቹን እያተመ ኖረ። በ1935፣ በሰባ ስድስት ዓመቱ፣ ያንኑ በወጣትነቱ በክረምት የወጣውን ማተርሆርን እንደገና ለመውጣት ተነሣ። በመንገድ ላይ ከመሪዎቹ አንዱ አደጋ ደርሶበት ስለ ቆሰለ ጉዞው ተቋረጠ፤ ሽማግሌውም ወረደ። በ1943 በጦርነቱ መካከል በተወለደባት ከተማ ሞተ። መስተዋቶቹ ዛሬም በዚያችው በቢዬላ፣ በቤተሰቡ ስም በተቋቋመ ድርጅት ውስጥ ተጠብቀው ይገኛሉ።