ራምናት ቢስዋስ፡ ከሞምባሳ እስከ ደቡብ አፍሪካ በብስክሌት የተጓዘው የመሸበት እንግዳ

እአአ በ1938 ከቦምቤይ ተነስቶ በሞምባሳ ወደብ መልሕቁን ከጣለ መርከብ አንድ የ44 ዓመት ጎልማሳ ብስክሌቱን ይዞ ወረደ። ስሙ ራምናት ቢስዋስ ነው፤ የቤንጋል ተወላጅ።

ከዚያ ቀደም ባደረጋቸው ሁለት ጉዞዎች የእስያን እና የአውሮፓን በርካታ አገራት በብስክሌት አዳርሷል። አሁን ከፊቱ የሚጠብቀው በኬንያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው መንገድ ነው።

በዚያ ዘመን በኬንያ አንድ መንገደኛ የት እንደሚያድር የሚወስነው የኪሱ አቅም ብቻ አልነበረም። የቆዳው ቀለምም ጭምር እንጂ። የናይሮቢ ታላላቅ ሆቴሎች በራቸውን የሚከፍቱት ለነጮች ነበር።

ስለዚህም እንደ ራምናት ላለ መንገደኛ የማያውቁት ሰው ደጅ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነበር። በአገራችን ገጠሮች ምሽት ላይ ደጅ የሚጠና መንገደኛ የመሸበት የእግዜር እንግዳ እንደሚባለው ሁሉ፣ እሱም ለዓመታት የኖረው የመሸበት እንግዳ ሆኖ ነው።

ከባንያቾንግ እስከ ሲንጋፖር

ራምናት የተወለደው እአአ ጥር 13/1894 በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ በሃቢጋንጅ በሚገኘው ባንያቾንግ በተባለ ሰፊ መንደር ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ። ትምህርቱንም ብዙ ሳይገፋ ሥራ ፍለጋ ወጣ።

በሃቢጋንጅ ከተማ ሥራ ባገኘበት ጊዜ ብስክሌት መንዳት ተማረ። በዚያው ወቅት የብሪታኒያን አገዛዝ በኅቡዕ ይታገል የነበረውን አኑሺላን ሳሚቲ የተባለ ቡድን ተቀላቀለ። ይህ ሲታወቅበትም ሥራውን አጣ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ግን ያንኑ የሚቃወመውን መንግሥት በወታደርነት ለማገልገል ገባ፤ በቤንጋል ክፍለ ጦር ውስጥ ሆኖም ወደ ሜሶፖታሚያ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ እአአ በ1924 እንጀራ ፍለጋ ወደ ማላያ ተሻገረ።

ትልቁ ጉዞ የተጀመረው እአአ ሐምሌ 7/1931 በሲንጋፖር ክዊን ጎዳና ላይ ነው። በከተማዋ የሚኖሩ ሕንዳውያን ተሰብስበው ሸኙት። ስንቁ እጅግ ጥቂት ነበር፤ እንደ ጋቢ የሚደረቡ ሁለት ጨርቆች፣ ነጠላ ጫማ እና የብስክሌት መጠገኛ መሣሪያ የያዘ ሳጥን። በሳጥኑ ላይ ባለቤቱ ዓለምን የሚዞር ሕንዳዊ ተጓዥ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሰፍሮ ነበር።

ያ ጽሑፍ ለማያውቀው ሕዝብ መታወቂያው ነበር ማለት ይቻላል። ከየት እንደመጣና ምን እንደሚሻ ሳይናገር ያስረዳለታል።

በመጀመሪያው ጉዞው ማላያን፣ ሲያምን፣ ኢንዶቻይናን፣ ቻይናን፣ ኮሪያን እና ጃፓንን አልፎ ካናዳ ደረሰ። እአአ በ1934 ወደ መንደሩ ሲመለስ የባንያቾንግ ሕዝብ በደስታ ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ በአፍጋኒስታን፣ በፋርስ፣ በኢራቅ፣ በቱርክ እና በባልካን አገራት በኩል እስከ ብሪታኒያ ተጓዘ። እአአ በ1936 አገሩ ገባ። ሁለት ዓመት ቆይቶም ፊቱን ወደ አፍሪካ አዞረ።

በሐዲዱ ግራና ቀኝ

ከሞምባሳ ናይሮቢ ያለው ርቀት 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። በ1930ዎቹ ግን አስፋልት ያልነካው፣ በደረቁ የጻቮ ምድር አቋርጦ ከባሕር ጠለል እስከ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ የሚወጣ አቧራማ መንገድ ነበር። ለብስክሌተኛ እሾሁ፣ ውሃ ጥሙ እና የዱር አራዊቱ እኩል የሚያሰጉ ነበሩ።

ይህ አቅጣጫ ግን ለሕንዳውያን እንግዳ አልነበረም። ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ እአአ ከ1896 እስከ 1901 ሲሠራ ወደ 32 ሺህ የሚጠጉ ሕንዳውያን ሠራተኞች መጥተው ነበር። 2 ሺህ 500 ገደማ የሚሆኑት በበሽታ፣ በአደጋ እና በአራዊት ሞቱ። አብዛኞቹ ሲመለሱ 6 ሺህ 700 ያህሉ እዚያው ቀሩ።

ከሐዲዱ ጋር ነጋዴዎችም መጡ። አሊዲና ቪስራም የተባለው ታዋቂ ነጋዴ እአአ በ1916 ከመሞቱ በፊት መስመሩን ተከትሎ በርካታ ሱቆችን ከፍቷል። እነዚህን መሰል ሱቆች በስዋሂሊ ዱካ ይባላሉ። የቃሉ ድምፅ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ፈለግን ያስታውሳል፤ በእርግጥም በምሥራቅ አፍሪካ የሚጓዝ ሕንዳዊ የወገኖቹን ፈለግ የሚያገኘው በእነዚሁ ሱቆች ነበር።

በዚሁ መስመር ላይ፣ በሞምባሳ እና በናይሮቢ መካከል በምትገኘው ማኪንዱ፣ ሲኮች እአአ በ1926 የሠሩት ቤተ መቅደስ አለ። የሲክ እምነት ሥርዓት በሚያዘው መሠረት ማንኛውም መንገደኛ፣ ሃይማኖቱና ዘሩ ሳይጠየቅ፣ በነፃ ይመገባል፤ ያድራል። ቤቱ እስከ ዛሬም መንገደኞችን ይቀበላል።

የተከፋፈለችው ናይሮቢ

ናይሮቢ እአአ በ1899 የባቡር ሠራተኞች ሠፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1930ዎቹ መጨረሻ ነጮች በከፍታው፣ እስያውያን በገበያው ዙሪያ እና እንደ ንጋራ ባሉ ሠፈሮች፣ አፍሪካውያን ደግሞ እንደ ፑምዋኒ ባሉ የተለዩ አካባቢዎች ይኖሩ ነበር።

ሕንዳውያን በዚህ ሥርዓት ውስጥ መሐል ላይ ቆመዋል። የብሪታኒያ መንግሥት እአአ በ1923 ባወጣው ሰነድ ለም የሆነው ደጋ መሬት ለነጮች እንደተጠበቀ እንዲቆይ በመወሰኑ፣ ገንዘብ ያለው ሕንዳዊ እንኳ በዚያ እርሻ መግዛት አይችልም። ሆኖም ከአፍሪካዊው የተሻለ የመንቀሳቀስ ነፃነት ነበራቸው።

ለጉዞ ከሁሉም በላይ ለተከለከለው ኬንያዊ ግን መንገዱ ሌላ ነበር። ለአካለ መጠን የደረሰ አፍሪካዊ ወንድ ኪፓንዴ የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አድርጎ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል ነበረበት። ያለ እሱ መገኘት ያስቀጣል።

ራምናት ሳጥኑ ላይ ማንነቱን ጽፎ ዓለምን ሲዞር፣ ያለፈበት አገር ባለቤት ማንነቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎም በገዛ ምድሩ እንደልቡ መሄድ አይችልም ነበር። ሁለቱም የአንድ ዘውድ ተገዢዎች ናቸው።

በዚያው ወቅት በሰሜን ኬንያ ሌሎች እንግዶችም ነበሩ። የጣሊያንን ወረራ ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከ1937 ጀምሮ በኢሲዮሎ መጠለያ ይኖሩ ነበር። ራምናት ወዶ ለወጣበት መንገድ እነሱ የተዳረጉት ተገደው ነበር።

ከመንገዱ በኋላ

ራምናት ከኬንያ ወደ ዩጋንዳ፣ ከዚያም ወደ ኒያሳላንድ እና ሮዴዥያ ዘልቆ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። የዘር መድልዎው ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር እየጠነከረ የሚሄድበት መንገድ ነበር። ከዚያ በመርከብ ወደ አሜሪካ አቀና፤ እአአ በ1940 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተፋፋመ ሳለ አገሩ ገባ።

ስለ እሱ በተለምዶ በሚጠቀሰው ስሌት በብስክሌት ብቻ 53 ሺህ ማይል፣ ማለትም 85 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል።

ያየውን በቤንጋሊ ቋንቋ ከ30 በሚበልጡ መጻሕፍት አሰፈረ። አሳታሚዎች ፊት ሲነሱት የራሱን ማተሚያ ድርጅት አቋቋመ። የአፍሪካ ጉዞውን የሚተርከው መጽሐፍ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ የጨለማ አፍሪካ እንደ ማለት ነው። በቅኝ ገዢዎች ላይ የተነሳው ሰው ለርዕሱ ቅኝ ገዢዎች ያስለመዱትን ስያሜ መያዙ፣ የዘመኑ አስተሳሰብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

እአአ በ1947 ሕንድ ስትከፈል የትውልድ መንደሩ በምሥራቅ ፓኪስታን ግዛት ሥር ወደቀ። ለጊዜው በባንያቾንግ ቢቆይም ኋላ ወደ ካልካታ ተሰደደ። በብዙ አገራት የሰው ደጅ ላይ ሲያድር የኖረው ሰው፣ በስተመጨረሻ የራሱን ቤት ትቶ ወጣ። እአአ ኅዳር 1/1955 በ61 ዓመቱ በዚያው በካልካታ አረፈ።

ዛሬ ከኢትዮጵያ በሞያሌ በኩል የሚመጣ ብስክሌተኛ በአስፋልት ናይሮቢ መግባት ይችላል። በከተማዋ ሆቴሎች ማንም በቀለሙ አይመለስም። አሁን በብዙ ቦታ የሚያስቸግረው የሆቴል በር ሳይሆን ቪዛ ነው፤ እሱም ከፓስፖርት ፓስፖርት ይለያያል።

በባንያቾንግ ደግሞ የራምናት ቤት ጉዳይ መነጋገሪያ ሆኗል። የባንግላዴሽ ብስክሌተኞች ቤቱ ተመልሶ በቅርስነት እንዲጠበቅ ድምፃቸውን አሰምተዋል።